ደመወዝ ያልገዛው እንጀራ

ዛሬ ደመወዝ የገባበት ቀን ነበር። ከሥራ ስወጣ ባጃጅ ሳልይዝ በጣና ዳር ባለው መንገድ በእግሬ ወደ ቤት አዘገምኩ፤ ደስታም ኀዘንም ያልሆነ፣ ዝናብ ሊጥል ሲያንዣብብ ሰውነትን እንደሚጫጫነው ያለ ስሜት ውስጥ ነበርኩ። ዓሣ ሻጮቹ ቀረሶና አምባዛ ደርድረው ቆመዋል። ዋጋ ጠይቄ አለፍኩ።

ከዚያ በኋላ ዓሣውን ረስቼ ሒሳብ ውስጥ ገባሁ። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በዲግሪ የሚቀጠር የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። በአዲሱ የገቢ ግብር ማሻሻያ 2,100 ብር ግብር፣ ከዚያም የሰባት በመቶ የጡረታ መዋጮ ሲነሳለት፣ ሌላ ተቀናሽ ባይኖርበት እንኳ እጁ ላይ የሚደርሰው 8,595 ብር ነው። የዝቅተኛው እርከን 6,000 ብር ደግሞ አንድ ኩንታል ጤፍ አይገዛም። ጭማሪው በወረቀት ላይ ትልቅ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ሲወሰን አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏልና፣ ዘይቱም መድኃኒቱም የልጆች ደብተርም አዲሱን ዋጋ የያዙት ደመወዙ ከመድረሱ በፊት ነው። የዋጋ ግሽበት ቀነሰ የሚለው ዜና ሲነገር እናቶች የሚገረሙትም ለዚህ ይመስለኛል፤ የቀነሰው ዋጋው የሚወጣበት ፍጥነት እንጂ ቀድሞ የወጣው ዋጋ አልወረደም።

እኛ ቤት የሚገባው ሁለት ደመወዝ ነው። ሆኖም የቤት ኪራዩን፣ የትምህርት ቤቱን ክፍያ፣ ከሰሉን፣ መብራቱንና ቀለቡን ስንደምር ወጪው ከገቢው ይበልጣል፤ ይህ ከሆነም ቆይቷል። ታዲያ እስከ ዛሬ ምን አኖረን? እኛ አልተራብንም፣ ልጆቹም ከትምህርት አልቀሩም። የጎደለውን አንድ ሰው ሲሞላ ኖሯል ማለት ነው።

የሞላችው እናቴ ናት። ከመኸር በኋላ በአዴት መስመር ከሚመጣ አውቶቡስ ጣራ ላይ የሚወርደው ጆንያ፣ ከጤፉ ጋር የሚላከው በርበሬና ሽሮ፣ በገበያ ዋጋ ቢሰላ ከእኔ ደመወዝ የማይናቅ ድርሻ አለው። እስከ ዛሬ ግን እንደ ፍቅር እንጂ እንደ ገቢ ቆጥሬው አላውቅም። «ለእኔ ለብቻዬ ምን ያደርግልኛል፣ ልጄ» ትላለች፤ የማዳበሪያው ዋጋ ምን እንዳደረሳት አታነሳም። መንግሥትም እኔን በዚህ ደመወዝ ቀጥሮ ማሠራት የቻለው በከፊል እርሷ ስላገዘችው ነው፤ አንዲት አሮጊት ገበሬ የቢሮ ሠራተኛን ትቀልባለች።

ይህ የእኔ ቤት ብቻ ታሪክ አይደለም። የሥራ ባልደረባዬን የቤት ኪራይ የምትከፍልላት ዓረብ አገር ያለች እህቷ ናት፤ ጎረቤታችን ደግሞ ወሩን የሚጨርሰው በሱቅ ዱቤ ነው። እንዲህ ያለ እጅ ከኋላው የሌለው ሰው፣ በተለይ በግል ድርጅት ተቀጥሮ የሚሠራው፣ ምን እንደሚያደርግ አስባለሁ፤ አገራችን ለግሉ ዘርፍ የዝቅተኛ ደመወዝ ወለል እስካሁን አላስቀመጠችምና ለእርሱ ጭማሪ የሚሰጠው ቀጣሪው ሲፈቅድ ብቻ ነው።

ባለፉት ዓመታት በክልላችን በቀጠለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ጆንያው ይዘገያል። እንዲህ ባለው ጊዜ ባለቤቴ የፎገራን ሩዝ ከጤፉ ጋር አስፈጭታ ትጋግራለች። እንጀራው ነጭና ዓይን የሚስብ ነው፤ ሲያድር ግን ይደርቃል፣ ስለዚህ ለምሳ ዕቃ የሚሆነው በዕለቱ የተጋገረው ብቻ ነው። ልጆቹ ልዩነቱን ያውቁታል፣ ነገር ግን አይጠይቁም፤ አለመጠየቃቸው ከሁሉ በላይ ያሳዝነኛል። ልጅ የቤቱን አቅም እንዲህ ቀድሞ ባያውቅ እመኝ ነበር።

እናቴ እያረጀች ነው፤ ማሳዋም ለወንድሞቼ ተከፋፍሎ የሚያልቅ ነው። ልጆቼ ባሕር ዳር ተወልደው ባሕር ዳር እያደጉ ናቸው፤ እንደ እኔ ደመወዝተኛ ይሆኑ ይሆናል። እነርሱ ወሩ አልደርስ ሲላቸው፣ መሬት የሌለኝ እኔ ከየት አምጥቼ ጆንያ እልክላቸዋለሁ?