የገዛ ቤቴን መጽሐፍ ከሰው እጅ

እሑድ ማታ

ትናንት እንቅልፍ የነሳችኝ ሄሌና ብላቫትስኪ ናት። እ.ኤ.አ. በ1888 ያሳተመችውን «ምስጢራዊው ትምህርት» የተባለ ወፍራም መጽሐፍ ከጀመርኩት ወር አልፎኛል፤ አንዳንዱን ገጽ ሦስቴ አንብቤውም አልገባኝም። ትናንት ግን ሳላስበው የማውቀው ስም መጣ። ሄኖክ። የእኛው፣ መጽሐፈ ሄኖክ።

ብላቫትስኪ የሩሲያ ባላባት ልጅ ናት። እ.ኤ.አ. በ1875 ኒው ዮርክ ላይ ከኮሎኔል ሄንሪ ኦልኮትና ከዊልያም ጃጅ ጋር ሆና የቴዎሶፊ ማኅበርን መሠረተች፤ ዋናው መቀመጫ ኋላ ወደ ሕንድ፣ ማድራስ (የዛሬዋ ቼናይ) ወዳለችው አድያር ተዛወረ። የሚሉት ሲጠቀለል፣ ሃይማኖቶች ሁሉ ከአንዲት ጥንታዊ ጥበብ የተቀዱ ናቸው ነው። የሂንዱዎቹ ቅዱስ መጽሐፍ የቬዳ ሊቃውንትም፣ ቡድሃም፣ የግብጽ ካህናትም፣ ፕላቶም ከአንድ ምንጭ ጠጥተዋል። ስሙንም እነሱ አልፈጠሩትም። በግሪክ ቴዎስ አምላክ፣ ሶፊያ ጥበብ ነው፤ ብላቫትስኪ ራሷ አመጣጡን ወደ እስክንድርያ፣ ወደ አሞንዮስ ሳካስ ትመልሰዋለች።

አሞንዮስ ላይ ስደርስ መጽሐፉን አጠፍኩት። በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስተማረ ሰው ነው፤ በጽሑፍ ያስቀረልን ነገር የለም። ኋላ ታላቅ ፈላስፋ የሆነው ፕሎቲኖስ በ28 ዓመቱ ፍልስፍና ልማር ብሎ እስክንድርያ ውስጥ ከመምህር ወደ መምህር ሲዞር፣ የማንም ትምህርት ልቡ አልደርስ ብሎት አንገቱን ደፍቶ ሲመለስ ቆየ። አንድ ወዳጁ ወደ አሞንዮስ ወሰደው። ሰምቶ ሲወጣ «ስፈልገው የኖርኩት ይህን ሰው ነው» አለ፤ ከዚያም 11 ዓመት ከእግሩ ሥር አልተነሣም። ይህን የጻፈልን የፕሎቲኖስ ደቀ መዝሙር ፖርፊርዮስ ነው። ሳነበው አጎቴ ትዝ አለኝ፤ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ፣ ቅኔ ፍለጋ ጎጃምን ያካለለው አጎቴ። እስክንድርያም ለእኛ ሩቅ አገር አይደለችም፤ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ጵጵስናውን የተቀበለው እዚያው፣ ከአትናቴዎስ እጅ ነው።

ሄኖክ ብላቫትስኪ ዘንድ እንዴት ደረሰ? ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጎንደር ከርሞ እ.ኤ.አ. በ1773 አውሮፓ ሲመለስ የግዕዙን መጽሐፍ ይዞ ገባ። ሪቻርድ ሎረንስ እ.ኤ.አ. በ1821 ወደ እንግሊዝኛ መለሰው፤ ብላቫትስኪም የምትጠቅሰው ይህንኑ ነው። ሙሉው ቃል የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው። የግሪኩ ከፊል ነው፤ በሙት ባሕር ዳር ካሉት ከኩምራን ዋሻዎች የወጣው አራማይክም ቁርጥራጭ ነው። ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ፣ አንዱ ሲያረጅበት ሌላ እየገለበጠ ያቆየውን የአገሬን ጸሐፊ ግን ማንም በስም አያውቀውም።

ይህን ብቻ አልነበረም ያዘንኩበት። የቴዎሶፊ ማኅበሩ ዘር፣ እምነት፣ ጾታና ቀለም የማይለየው የሰው ልጆች ወንድማማችነት ብሎ ተነሥቷል። እዚያው የብላቫትስኪ መጽሐፍ ውስጥ ግን የሰው ዘሮች ከፍና ዝቅ ተደርገው ይደረደራሉ። አመመኝ። ከአንድ ምንጭ ጠጣን ብሎ፣ ጠጪውን በማዕረግ ማስቀመጥ ምን ይሉታል?

ያም ሆኖ ውለታቸውን አልክድም። ኦልኮትና ብላቫትስኪ እ.ኤ.አ. በ1880 ሲሎን (የዛሬዋ ስሪላንካ)፣ ጋል ከተማ ላይ የቡድሃን ሥርዓት በይፋ ተቀበሉ፤ ኦልኮት ከዚያ በኋላ ለደሴቲቱ ቡድሂስቶች ትምህርት ቤቶች እንዲከፈቱ ብዙ ደክሟል። የቅኝ ገዢው ሃይማኖት ሁሉን በሚያዝበት ዘመን ይህ ቀላል አይደለም። ጋንዲም ለንደን ተማሪ ሳለ ሁለት ቴዎሶፊስቶች የሂንዱዎቹን ቅዱስ መጽሐፍ ባጋቫድ ጊታን አብረን እናንብብ አሉት። በጥንቱ ሳንስክሪትም በአፍ መፍቻው በጉጃራቲም አንብቦት ስለማያውቅ አፍሮ እንደነበር ራሱ ጽፏል።

እኔም ትናንት ያፈርኩት ልክ እንደዚያ ነው። ሄኖክን በግዕዝ ከፍቼ አላውቅም።

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴን ዋርካው ሥር አገኘኋቸው። «አባ፣ ሄኖክ ስለ ጥበብ ምን ይላል?» አልኳቸው። መቋሚያቸውን ደረታቸው ላይ አስደግፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ግዕዙን በቃላቸው ወጡት፤ ከዚያ ቀስ እያሉ ፈቱልኝ። ጥበብ ከሰው ልጆች ጋር ልትኖር መጣች፣ ማደሪያም አጣች፤ ወደ ስፍራዋ ተመልሳ ከመላእክት ጋር ተቀመጠች። ዓመፅ ግን ስትወጣ ያልፈለገቻቸውን አገኘች፤ በምድረ በዳ እንደ ዝናብ፣ በተጠማ መሬት እንደ ጠል አደረችባቸው። «ያልፈለገቻቸውን» ሲሉ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«ጥበብ በየሕዝቡ ሁሉ አለች የሚሉ አሉ እኮ፣ አባ።»

«እንግዲህ ልጄ፣ የሰውን ቤት አላውቅም። የራሴንም ገና አንብቤ አልጨረስኩ።»

ግዕዝ ያስተምሩኝ ብዬ ለመንኳቸው። ዳዊት እደግም እንደሆነ ጠየቁኝ።

«በአማርኛ ነው፣ አባ።»

«በይ ቅዳሜ ጠዋት የግዕዙን ዳዊት ይዘሽ ነይ። ሄኖክ ይደርሳል።»