የዘውድ በዓል በአንዲት የለንደን መንገድ

ልጄ ከባሏና ከአንድ ልጇ ጋር የምትኖረው በደቡብ ምሥራቅ ለንደን፣ ሉዊሻም በሚባለው ክፍል ነው። በ2015 ዓ.ም. ከትንሣኤ በኋላ ልጠይቃት የሄድኩት የልጅ ልጄ ናፍቆኝ እንጂ የእንግሊዙን ንጉሥ የቻርልስ ሦስተኛን ንግሥ ለማየት ብዬ አልነበረም፤ ትኬቱን የቆረጠችልኝ እሷ ስለሆነች፣ ቀኑ ከበዓሉ ጋር መግጠሙን ያወቅኩት እዚያው ከደረስኩ በኋላ ነው። በገባሁ በሦስተኛው ቀን ግድም በበሩ የደብዳቤ ቀዳዳ አንዲት ወረቀት ገባች። እሑድ ሚያዝያ 29 ቀን ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት መንገዱ ለመኪና ዝግ እንደሚሆን፣ እያንዳንዱ ቤት አንድ ምግብና የሚቀመጥበትን ወንበር ይዞ እንዲወጣ የምታሳስብ ወረቀት ነበረች (ቀኑንም ሰዓቱንም በአገራችን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። «ማነው ያዘዘው?» ብዬ ብጠይቅ ልጄ ሳቀችብኝ። ያዘዘ የለም፤ የመንገዱ ነዋሪዎች ራሳቸው ተሰብስበው ለአካባቢው ምክር ቤት አመልክተው ፈቃድ ያወጡበት ጉዳይ ነው። ነገሩ እውነት እንደሆነ ብረዳም፣ ንግሥን የሚያህል በዓል ያለ አዛዥ ይከበራል ብሎ መቀበል ለእኔ ዘመን ሰው ቀላል አልነበረም።

ንጉሡ ዘውድ የደፉት በዋዜማው ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 28 ቀን ነው። ካልሄድኩ ብዬ አስቸግሬ ከአማቼ ጋር ወደ መሀል ከተማ ወጣሁ፤ ያየሁት ግን ዝናብና የሰው ጃንጥላ ብቻ ነው። ከሰዓት በፊት በስብሰን ተመለስንና የቀረውን በቴሌቪዥን ተከታተልን። ዘውዱ ከ2 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ሊቀ ጳጳሱ ከንጉሡ ራስ ላይ ካኖሩት በኋላ ጎንበስ ብለው ግራ ቀኝ እያዩ ሲያስተካክሉት ልጅ ባርኔጣ ሲገዛለት የሚሆነውን ይመስል ነበር። ስለ ቅዳሜ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

እሑድ ግን ቀኑ ፈካ። መንገዲቱ በሁለቱም ወገን ባለ አንድ ፎቅ የሸክላ ቤቶች ተደርድረው የሚተያዩባት ጠባብ መንገድ ናት። ጠዋት መኪኖቹ አንድ በአንድ ወጥተው ሲያልቁ የአስፋልቱ ስፋት ነዋሪዎቹን ራሳቸውን ሳያስገርማቸው አልቀረም፤ ልጆቹ ወዲያው ብስክሌታቸውን ይዘው መሀሉን ያዙት። ጎልማሶቹ ከመኝታ ቤት መስኮት ወደ ማዶው መስኮት ገመድ እየወረወሩ፣ ባለ ሦስት ማዕዘን ትንንሽ የጨርቅ ባንዲራዎች የተሰኩበትን ገመድ ከራሳችን በላይ ዘረጉ። ከአካባቢው ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ የተዋሱት ታጣፊ ጠረጴዛ እግሩ አልቆም ብሎ ሦስት ሰው ሲታገለው ቆየና በመጨረሻ በታጠፈ ካርቶን ተደግፎ ቆመ። ልጄ ድፎ ዳቦ ጋግራ ነበር። ኮባ ስለማይገኝ ከእስያውያን ሱቅ የገዛችውን የቀዘቀዘ የሙዝ ቅጠል ሌሊቱን አሟሙታ ነው የጋገረችበት፤ ሽታው ሙሉ በሙሉ የእኛን ቤት ሽታ ባይሆንም ከሩቅ ያስታውቅ ነበር። ከጎኑ ለበዓሉ ተብሎ የወጣው ኪሽ የሚሉት የእንቁላልና የቆስጣ ምግብ በሦስት ቤት ተሠርቶ ቀርቧል። ከሦስቱም ቀመስኩ፤ ከሦስቱ በአንዱም ውስጥ ቃሪያ የሚባል ነገር አልነበረም።

ከእኛ ፊት ለፊት የሚኖሩት አሮጊት ወንበራቸውን ከቤታቸው አስወጥተው ከጎኔ ተቀመጡ። ልጄ በስማቸው ብቻ ነው የምትጠራቸው፤ እዚያ ወጉ ይኸው መሆኑን ባውቅም፣ 78 ዓመት የሆናቸውን ሴት በባዶ ስም መጥራት ለእኔ አፍ የሚሆን ስላልሆነ በልቤ «እማማ» እያልኩ ቆየሁ። እሳቸውም በጠረጴዛው ላይ ያለውን ምግብ ትተው ከቦርሳቸው በሻይ ቤት ፎጣ የተጠቀለለ ኩባያ አወጡ። ኩባያው ነጭ ነው፤ የዳግማዊት ኤልሳቤጥ መልክ የታተመበት ሲሆን፣ ከብዙ እጥበት የተነሣ የንግሥቲቱ ፊት ጠፍቶ ዘውዱና የአንገት ጌጡ ብቻ ቀርተዋል። የመያዣው ታችኛው ጫፍ ተሸርፎ ቡናማውን ሸክላ ያሳያል። ግንቦት 25 ቀን 1945 ዓ.ም. ንግሥቲቱ ዘውድ ሲደፉ፣ የስምንት ዓመት ልጅ ሳሉ ከትምህርት ቤት የተሰጣቸው ነው።

ከዚያ በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል የሰማሁትን ልጄ እያስተረጎመችልኝ፣ አንዳንዱንም በራሴ እንግሊዝኛ እየተከተልኩ ያዝኩት። ያደጉት ከዚሁ ብዙ በማይርቅ መንገድ ላይ ሲሆን፣ በጦርነቱ በቦምብ ከፈረሱት ቤቶች የሁለቱ ቦታ ያን ጊዜም ገና ባዶ ነበር። የሰፈሩ እናቶች ከገና ጀምረው በየሳምንቱ በየቤቱ እየዞሩ ጥቂት ሳንቲም ይሰበስቡ ነበር፤ ዕቁብ በሉት፣ ብቻ ዕጣው የሚወጣው ለሁሉም በአንድ ቀን ነው። ጦርነቱ ካበቃ ስምንት ዓመት ቢሆነውም ስኳር፣ ቅቤና ሥጋ ገና በራሽን ነው። ከረሜላ ከራሽን የተፈታው ከበዓሉ አራት ወር ቀደም ብሎ ነው። ለበዓሉ ሲባል መንግሥት ለያንዳንዱ ሰው ግማሽ ኪሎ የሚጠጋ ስኳር ጨመረ፤ ያ ስኳር በየቤቱ ኬክና ጄሊ ሆኖ መንገድ ላይ ወጣ። እኔም በደርግ ጊዜ ከቀበሌ ኅብረት ሱቅ ደብተር ይዘን ተሰልፈን ስኳር በራሽን እንወስድ እንደነበር ስነግራቸው፣ «እንግዲያው ታውቀዋለህ» ብለው እጄን መታ መታ አደረጉኝ። በዚያ ጠረጴዛ ላይ ከኛ ሌላ በራሽን ስኳር የበላ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ቀኑ ግን ከፋባቸው። ግንቦት 25 ለንደን ብርድና ዝናብ ነበር። እናታቸው በቀይ፣ በነጭና በሰማያዊ የሚሸበሸብ ወረቀት የሰፉላቸው ቀሚስ ገና የመንገዱን ግማሽ ሳይሄዱ ራሰ፤ ቀዩ ወደ ነጩ፣ ሰማያዊው ወደ ጉልበታቸው ፈሰሰ። እንባ እያወረዱ ቤት ሲገቡ እናታቸው በጣም ከመሳቃቸው የተነሣ ቁጭ አሉ። ቀለሙ ከእግራቸው ሳይለቅ አንድ ሳምንት ቆየ። ጠረጴዛው ተነሥቶ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ገባ፤ ፒያኖውንም በጋሪ መልሰው አስገቡት። ከዚያ በፊት ግን ጠዋት ሥርዓቱን ያዩት በመንገዱ ላይ ቴሌቪዥን በነበረው ብቸኛ ቤት ነው፤ መጋረጃው ተዘግቶ፣ ልጆች ወለል ላይ፣ አዋቂዎች ግድግዳ ተደግፈው። በአገሪቱ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰው በዚያ ቀን በቴሌቪዥን ፊት ነበረ ይባላል። እማማ ግን ከዚያ ሁሉ በዓይናቸው የቀረው የራሳቸው ንግሥት ዘውድ ሲደፉ አይደለም። የቶንጋዋ ንግሥት ሳሎቴ በዚያ ዶፍ ክዳን በሌለው ሠረገላ ተቀምጠው፣ እየበሰበሱ፣ ለሕዝቡ እጃቸውን እያወዛወዙ ሲስቁ ማየታቸው ነው። «እንደኔ ነበረች፣ የረጠበች» አሉ።

በእናታቸው እጅ ከዚያ የቀደመ ሌላ ኩባያም ነበር አሉ። ኤድዋርድ ስምንተኛ ግንቦት 4 ቀን 1929 ዓ.ም. ሊነግሡ ተወስኖ ኩባያው ሁሉ ከታተመ በኋላ፣ ታኅሣሥ ላይ ዙፋኑን ለቀቁ፤ በተቆረጠው ቀን ወንድማቸው ነገሡበት። ያልነገሠ ንጉሥ የነገሠበት ቀን ያለበት ኩባያ በየቤቱ ቀረ። በዚያ ወቅት የእኛ ንጉሠ ነገሥት እዚያው እንግሊዝ አገር፣ ባዝ ከተማ በስደት ላይ ነበሩ።

ከዚያ ተራው የእኔ ሆነ። ጥቅምት 23 በልጅነቴ የንግሥ በዓል ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. በዚህ ቀን በአራዳ ጊዮርጊስ ስለነገሡ በየዓመቱ ይከበር ነበር፤ ለዚያ ንግሥ ከእንግሊዝ ተልከው የመጡት የግሎስተር መስፍን ትናንት ዘውድ ለደፉት ንጉሥ የአያታቸው ወንድም መሆናቸውን ብነግራቸው እማማ ብዙም አልገረማቸውም። የ1948ቱ የብር ኢዮቤልዩ ሲከበር እኔ አልተወለድኩም፤ ለእሱ የተሠሩት ቴአትር ቤትና ከፊቱ ያለው የድንጋይ አንበሳ ግን ዛሬም እዚያው ናቸው። የእኔ ጥቅምት 23 የሚጀምረው ከዋዜማው ማታ ነው። ሸራ ጫማችንን አጥበን በጠመኔ እናነጣዋለን፤ ጠመኔው ሲደርቅ ይሰነጠቅና ሰልፍ ላይ እግራችንን በመታን ቁጥር ከሥራችን ነጭ ዱቄት ይበናል። ጠዋት እናቴ «በጥቅምት አንድ አጥንት» እያለች ሹራብ ደርባ ታለብሰኛለች፤ ሰልፉ ላይ ስደርስ መምህሩ የደንብ ልብሱን ይሸፍናል ብለው ያስወልቁኛል። የወረቀት ባንዲራ ይታደለናል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ በመንገዱ ዳር ቆመን፣ ፀሐዩ ከአናታችን ላይ ሲደርስ ሞተር ብስክሌቶቹ ይሰማሉ፤ ከዚያ መኪናው። ያየሁት የመስኮት መስተዋት ብልጭታና አንድ እጅ ነው። ያቺን እጅ ለዓመታት ስተርካት ኖሬያለሁ፤ ምናልባትም የሌላ ሰው እጅ ትሆናለች።

እማማ አድምጠው ሲያበቁ የጠየቁኝ ስለ ንጉሡ አልነበረም። «ምን በላችሁ?» አሉኝ።

አሰብኩ። ቤት ስገባ የጠበቀኝ እንደ ማንኛውም ቀን ሽሮ ነበር። ሰልፉ የትምህርት ቤቱ፣ መንገዱ የፖሊሱ፣ በዓሉ የቤተ መንግሥቱ ነው፤ ሰፈራችን ለጥቅምት 23 አንድ ጠረጴዛ አውጥቶ አያውቅም። ሰፈር የሚወጣው ከዚያ ወር ገደማ ቀደም ብሎ፣ መስከረም 16 ለደመራ ነበር። ያን ጊዜ ሳንቲም የምናሰባስበው እኛው ልጆቹ፣ ችቦውን የሚያስሩት የጎረቤት ጎረምሶች፣ ዳቦና ንፍሮ ይዘው የሚወጡት እናቶቻችን ናቸው፤ አዛዥም ፈቃድ ሰጪም አልነበረበትም። ይህንን ለእማማ ሳስረዳ በእንግሊዝኛም በአማርኛም ቃል አጠረኝ፤ ልጄም ደመራ ማለት ምን እንደሆነ ለማሳየት ሹካዎችን ሰብስባ ጠረጴዛው ላይ አቆመች። በ1967 ዓ.ም. መስከረም 2 ቀን ንጉሡ ከዙፋናቸው ሲወርዱ ጥቅምት 23 እንደ ተራ ቀን ዐለፈ፤ ሰፈራችን የጎደለበት ነገር ያለ አይመስልም ነበር። ደመራው ግን በዚያውም ዓመት በራችን ላይ ነደደ።

የልጅ ልጄ መጥቶ ዘውድ የታተመበት የፕላስቲክ ኩባያውን በእማማ ኩባያ ላይ ሊሰካ ሞከረና አልገባ አለው። ከድፎው የተረፈውን እማማ ለነገ ብለው አስጠቀለሉ፤ አንድ ቁራሽ ግን ወዲያው በሻይ እያራሱ መብላት ጀመሩ። 12 ሰዓት ሲሆን የፈቃዱ ጊዜ አለቀ። ወንዶቹ ጠረጴዛውን አጣጠፉ፣ ካርቶኑም ወደቀ፣ መንገድ ዝግ ነው የሚለው ምልክት ተነሣ። የመጀመሪያዋ መኪና ቀስ ብላ ገባችና ከእማማ ወንበር ፊት ቆመች። እማማ ገና ሻያቸውን አልጨረሱም ነበር። ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ክንዱን በመስኮቱ አስደግፎ ጠበቃቸው።