የቁም ለቅሶን እንዴት ጻፍኩት

ወሎ ውስጥ ስላለ፣ የሚያስፈራ ሥርዓት ስለያዘ መንደር አጭር ልቦለድ ልጽፍ ስነሳ መጀመሪያ የወሰንኩት ወዳጃ የሚባለውን ሥርዓት ላለመንካት ነው። የነገርኳቸው ሁሉ የጠበቁት እሱን ነበር። የዕጣን ጭስ፣ ጫት፣ ድቤ፣ ሌሊት፤ ሁሉ ነገር ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ግን ወዳጃ ዱዓ ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ ተቀምጦ ዝናብ የሚለምንበትን ቤት የጭራቅ ቤት ማድረግ ደስ አላለኝም። ስለዚህ ሥርዓቱን ራሴ ፈጠርኩት።

ዘሩን ግን ከእውነት ነው የወሰድኩት። የቁም ተዝካር የሚባል ነገር አለ አይደል? ልጅ የሌለው ወይም ዘመዶቹን የማያምን ሰው በሕይወት እያለ ተዝካሩን ራሱ ደግሶ ያበላል። ከዚያ ወደ ቁም ለቅሶ አንድ እርምጃ ናት። በኔ መንደር በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ አንድ ጤነኛ ሰው ይመረጥና ይለቀስለታል። ሞት ሲመጣ ለቅሶውን ሰምቶ «እዚህስ ጨርሻለሁ» ብሎ እንዲያልፍ ነው።

ሐሳቡ ብቻውን አላስፈራኝም። ያስፈራኝ ቅሬውን፣ የወሎን ዕድር ማለቴ ነው፣ ሳስገባበት ነው። ለፋፊው ገና ሳይነጋ ይጣራል፣ ሴቶቹ ንፍሮ ይቀቅላሉ፣ የቀረ ይቀጣል። የቅሬው ዳኛ ጭንቀቱ ሁሉ አርፍዶ የመጣውን ሰው ስንት ልቅጣው የሚለው ነው። አንድም ጅብ የለም። የሚጮህ የለም፣ የሚደነግጥም የለም። የተመረጠችው ሴትዮ ነጠላዋን አዘቅዝቃ የራሷን ለቅሶ ቡና ራሷ ትቆላለች፤ አቦሉን ለለቀስተኛው ትቀዳለች፣ ቶናውንም፣ በረካው ላይ ስትደርስ ግን ሁሉም ሲኒውን ይደፋና እሷ ብቻ ትጠጣለች፣ አስለቃሿም እንዲህ ትላታለች፦

ቡናሽን ጠጪና ተነሺ ወደ ቤት፣
አልቅሰን ጨረስን፣ ከንግዲህ የለም ሞት።

ይቺን ሙሾ ለመግጠም ከታሪኩ የበለጠ ጊዜ ፈጅቶብኛል። ግጥሙ የሚያጽናና እንዲመስል ነበር የፈለግኩት። የሚያስፈራ ቃል ባስገባሁ ቁጥር ፍርሃቱ ይጠፋል፤ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ግን እንደዚያ ነው።

መነሻውን የ1977ቱ ድርቅ ላይ አድርጌው ነበር። ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር በነበረችው በኮረም ሰው በየቀኑ ሲረግፍ ለእያንዳንዱ ማን ለቅሶ ይቀመጣል? ስለዚህ ብዙ ጻፍኩ። አሪፍም ነበር። ግን ሥርዓቱ ምክንያት ባገኘ ቁጥር አንባቢው ይረጋጋል፣ «አሃ፣ ለዚህ ነው» ይላል። አንዲት አሮጊት ብቻ ንፍሮ እየለቀመች «ያኔ አላለቀስንም» እንድትል አድርጌ የቀረውን ሰረዝኩት።

ረቂቁን ደሴ ላለችው አክስቴ አነበብኩላት። «ቶባ በል! በቁሟ ሰው ይለቀስላታል?» አለችኝ። ደስ አለኝ፣ ሠራ ማለት ነው። ትንሽ ቆየችና ግን፣ «እሺ፣ ከዚያ በኋላ የቅሬ መዋጮዋን ትከፍላለች ወይስ አትከፍልም?» አለች። የታሪኩ ሁለተኛ አጋማሽ ከዚች ጥያቄ ነው የወጣው። ሴትዮዋ በወሩ ብሯን ይዛ ትሄዳለች። ጸሐፊው ገንዘቡን ይቀበላል፣ ሻይ ይጋብዛታል፣ ስለ በጎቿ ይጠይቃታል። መዝገቡ ላይ ግን ስሟን አይጽፍም። ለምን ብትለው፣ «እንዴ እትዬ፣ አልቅሰንልሽ የለ እንዴ» ይላታል፣ ፈገግ ብሎ።

ያነበቡት ጓደኞቼ መጨረሻ ላይ ትሙት ወይ ትጥፋ እያሉ እስከ ዛሬ ይነዘንዙኛል። አልገድላትም። ገበያ ትወጣለች፣ ትሸጣለች፣ ትገዛለች፤ በሚቀጥለው ዓመት ለፋፊው ሲጣራ እሷም ንፍሮዋን ይዛ ለሌላ ሰው ልታለቅስ ትሄዳለች፣ ያውም ሳታረፍድ።