ቨርቹዋሉ ከብረቱ ሲበልጥ

«ጋሼ፣ ቨርቹዋሉ ከባዶው ማሽን በለጠ!» አለኝ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ። ቅዳሜ ከሰዓት ነው፣ ቢሮው ጭር ብሏል። የምንለካው 32 ጊጋ ራምና አንድ የሳታ ኤስኤስዲ ያለውን ሰርቨራችንን ነው። መጀመሪያ ዴቢያን ሊኑክስ በቀጥታ ብረቱ ላይ፣ ማለትም በባዶው ማሽን፣ ቀጥሎ ኤልኤክስሲ ኮንቴይነር (በዚያው ሲስተም ውስጥ የተከለለ ክፍል)፣ በመጨረሻ ኬቪኤም (የራሱ ሲስተም ያለው ቨርቹዋል ማሽን)። በሦስቱም ላይ ያው የኤፍአይኦ (የዲስክ ፍጥነት መለኪያ ፕሮግራም) ፈተና፣ 1 ጊጋ ፋይል።

ስክሪኑን አየሁት። በሴኮንድ ከ1 ጊጋባይት በላይ አነበብኩ ይላል። ዲስኩ የተገናኘበት ሳታ 3 እኮ በሴኮንድ 6 ጊጋቢት ነው፤ የኢንኮዲንጉ ሲቀነስ ቢበዛ 600 ሜጋባይት። ይህን ዲስኩ ቀርቶ ገመዱም አይችለውም።

ከራም ነዋ! የቨርቹዋል ማሽኑ ዲስክ ካሽ (በራም የሚቀመጥ ጊዜያዊ ቅጂ) «ራይትባክ» ላይ ነበር፤ ሆስቱ፣ ማለትም ዋናው ማሽን፣ በራሱ ራም ያቆያል ማለት ነው። ልጁ ፈተናው ካሽ እንዲዘል ዳይሬክትን 1 አድርጓል፤ እሱ ግን የሚዘለው የውስጠኛውን፣ የቨርቹዋሉን ሲስተም ካሽ ብቻ ነው። የሆስቱ ካሽ ከሥር ቁጭ ብሎ ፋይሉን ከራም ያቀብላል። የሆስቱ ካሽ እንዲታለፍ ካሹን «ኖን»፣ ከራሙ እንዲበልጥ ፋይሉን 64 ጊጋ አድርገን እንደገና ጀመርን።

አሁን ቁጥሩ ሰው መሰለ። ኮንቴይነሩ ከብረቱ እምብዛም አይለይም፣ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ያው የሆስቱ ነው። ኬቪኤም በቨርትአይኦ (ለቨርቹዋል ማሽን በተሠራው ድራይቨር) ትንሽ ወረድ ይላል። የቨርቹዋሉን ዲስክ የሚይዘው ኪውካው2 ፋይል አዲስ ሲሆን የመጀመሪያው የመጻፍ ዙር ይንቀራፈፋል፤ በ64 ኪሎባይት ክላስተር ቦታ እየቆረሰ፣ የራሱን ሰንጠረዥ እያደሰ ነው የሚጽፈው። ሁለተኛው ዙር ይሻላል። ከድሮው ሰርቨር አምጥተን በአይዲኢ (በድሮው የዲስክ ግንኙነት) የተውነውን ዊንዶውስማ ተዉት።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ዳታቤዛችን ፖስትግሬስ ነው። ዳታቤዝ ኮሚት ባደረገ (ለውጥ ባጸደቀ) ቁጥር ዲስኩ ላይ መድረሱን ሳያረጋግጥ አይለቅም። ይህን ማረጋገጫ የሚያስገድደውን ኤፍሲንክን 1 አድርገን ስንለካ ሦስቱም ተያይዘው ወደቁ። ኤስኤስዲው የላፕቶፕ ዓይነት ነው፤ መብራት ሲጠፋ ካሹን የሚያተርፍበት ካፓሲተር የለውም፣ ስለዚህ በየኤፍሲንኩ እስከ ፍላሽ ሜሞሪው ድረስ ወርዶ መጻፍ አለበት። ሁለት ወር ሙሉ ኮንቴይነር ይሻላል፣ የለም ኬቪኤም ይሻላል እየተባባልን የተጨቃጨቅነው በከንቱ ነበር፤ ማነቆው ዲስኩ ነው።

«ካሹን አንሴፍ ብናደርገውስ? ይፈጥናል አሉ» አለኝ።

ይፈጥናል እንጂ! «አሁኑኑ ዲስኩ ላይ ጻፍ» የሚለውን ትእዛዝ ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፈዋላ። መብራት ከጠፋ ግን ራም ላይ ያለው አብሮ ይጠፋል።

«የዩፒኤሱን ባትሪ መቼ ነው የቀየርነው?» አልኩት።

ዝም አለ። ሰኞ ጠዋት ለግዢ የጻፍኩት አንድ መስመር ነው፦ ካፓሲተር ያለው የሰርቨር ኤስኤስዲ፣ ሁለት ፍሬ።