ፊደሉን አትሳቡት

ከሃያ ሁለት ማዞሪያ ወደ መገናኛ በእግራችሁ ስትሄዱ፣ ሕንፃዎቹን ትታችሁ በላያቸው የተለጠፈውን ጽሑፍ ብቻ ተመልከቱ። መስታወቱና አሉሚኒየሙ አዲስ ነው፣ መብራቱ ይደምቃል፣ የእንግሊዝኛው ስም ተለክቶ በቦታው ተቀምጧል። አማርኛው ግን ወይ ወደ ጎን ተለጥጧል፣ ወይ ከላይ ተጭኖ አጥሯል። እንጀራዬ የማስታወቂያ ሰሌዳና የኅትመት ዲዛይን ስለሆነ ይህን ሳላይ ማለፍ አልችልም፤ ባየሁ ቁጥርም ያመኛል። ስለ ከተማችን ገጽታ ስናወራ ስለ ሕንፃ ቁመትና ስለ ግድግዳ ቀለም እንከራከራለን። በየቀኑ ከመንገድ ላይ የምናነበው ፊደል ግን ጠያቂ የለውም።

ፊደል ሲሳብ ምን እንደሚሆን ላሳያችሁ። «ቡ»ን እና «ቢ»ን ተመልከቱ። የሚለያቸው የአንዲት አጭር ቅጥያ ቦታ ነው፤ በካዕቡ ቀኝ እግር ወገብ ላይ ትወጣለች፣ በሣልሱ ደግሞ እግሩ ሥር። ቁመቱን በግማሽ ስትጫኑት ወገብና እግር ይጠጋጋሉ፤ ከመንገዱ ማዶ ላለ ሰው «ቡና» «ቢና» ይሆንበታል። ኃምሱ ከዚህም ይብሳል። የ«ቤ» ቀለበት ውስጡ ክፍት ካልሆነ ቀለበትነቱ ያበቃል። ደማቅ ቅርጽ አብሮት ያልተሠራለትን ፊደል «ቦልድ» ስትሉት ኮምፒውተሩ ዙሪያውን እኩል ያወፍረዋል፣ ቀለበቱ ይደፈናል፣ «ቤት» ከሩቅ «ቢት» መስሎ ይታያል። በአክሪሊክ ሲቆረጥም ትንሿ ቀዳዳ አስቸጋሪ ስለሆነች ቆራጩ ሳይቆርጣት ይተዋታል። ማታ ከጀርባው መብራት ሲበራ ደግሞ የተረፈውን ክፍተት ብርሃኑ ይውጠዋል።

ላቲኑ ቢሳብ ያስቀይማል እንጂ በቀላሉ አይሳሳትም፤ አናባቢው ራሱን ችሎ የቆመ ፊደል ነው። የእኛ አናባቢ ያለው በዚያች ቅጥያ፣ በዚያች ቀለበት፣ በአንድ እግር መርዘም ላይ ነው። ስለዚህ አማርኛን መለጠጥ የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ንባቡን ራሱን መንካት ነው።

ጥፋቱን ሁሉ በባለሙያው ላይ መጫን ግን አልፈልግም። የእንግሊዝኛ ፎንት፣ ማለትም የኮምፒውተር ፊደል ቅርጽ፣ የሚሠራ ሰው 26 ፊደላትን በትልቁና በትንሹ ይሥላል። የአማርኛው 33 የፊደል ዘር በሰባቱ ቅርጽ ሲባዛ 231 ነው፣ ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ። ፊደላችን ኮምፒውተሮች ሁሉ በጋራ ወደሚጠቀሙበት የፊደል ኮድ፣ ወደ ዩኒኮድ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ሶፍትዌር የየራሱን ኮድ ስለሚጠቀም፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። ዛሬ ከዊንዶውስ ጋር የመጣው ናያላ አለ፣ በአፕል ላይ ከፋ አለ፣ ከጎግል ኖቶ አለ። ለሰሌዳ የሚሆን ጠባብና ረጅም፣ ከሩቅ እንዲነበብ ታስቦ የተሣለ ፊደል ሲፈለግ ግን ምርጫው ቶሎ ያልቃል። ባለጉዳዩ በጠባብ እንግሊዝኛ የተሠራ አርማ ይዞ ይመጣል፣ ዲዛይነሩ አማርኛውን ከሥሩ አስገብቶ ልኩ እስኪሆን ይጫነዋል።

ደሴ ፒያሳ አካባቢ የሰሌዳ ሠዓሊ የነበሩት አጎቴ ፎንት የሚባል ነገር አያውቁም። የሰሌዳውን መደብ ቀብተው ካደረቁ በኋላ በኖራ የተነከረ ክር ወጥረው መስመሩን ይመታሉ፣ ከዚያ ጽሑፉን በጠመኔ ይነድፋሉ። ከግራ ወደ ቀኝ አይጀምሩም። ቀድመው የሚያስቀምጡት ሰፋፊዎቹን ነው፣ «ጠ»ን፣ «ሠ»ን፣ «ጨ»ን፤ «ነ» እና «ገ» በተረፈው ቦታ ይገባሉ። ቦታ ሲጠብባቸው ፊደሉን ሳይሆን በፊደላቱ መካከል ያለውን ክፍተት ያጠብባሉ፣ ወይም ጽሑፉን በሁለት መስመር ይከፍሉታል። ብሩሽ ከማንሳታቸው በፊት መንገዱን ተሻግረው ከትምህርት ቤት የሚመለስ ልጅ ይጠራሉ፣ «እስቲ ያንን አንብብልኝ» ይሉታል። ልጁ ከተደናቀፈ ጠመኔው በጨርቅ ይጠረጋል። ይህ ልማድ ዛሬ በስንቱ ስቱዲዮ ይኖር ይሆን?

ፊደል አይነካ እያልኩ አይደለም። ሠዓሊ ወሰኔ ኮስሮፍ ፊደሎቻችንን ሰብሮ፣ ገልብጦ፣ አስጨፍሮ ሥሏቸዋል፤ ሥራው በዋሽንግተን የስሚዝሶኒያን የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ስብስብ ውስጥም ገብቷል። በአማርኛ የተጻፈበትን የኮካ ኮላ ጠርሙስም አስታውሱ። ያ ጽሑፍ ከፎንት ተመርጦ የተለጠፈ አይደለም፤ የእንግሊዝኛው አርማ ፍሰት በአማርኛው አጥንት ላይ እንደገና የተሣለ ነው፣ «ኮ»ም «ላ»ም ሳይጠፉ። ሁለቱም የቱ ጋ ቢታጠፍ ፊደሉ እንደማይሰበር ያወቀ እጅ ሥራ ናቸው። የብራና ጸሐፊዎቻችንም ይህን ያውቁ ነበር። የመቃው ብዕር ጫፍ በሰያፍ ስለተቆረጠ ቋሚው መስመር ይወፍራል፣ ማገናኛው ይቀጥናል። አንድን ፊደል በኮምፒውተር ወደ ጎን ስትስቡት በመጀመሪያ የምታጠፉት ይህንን ሚዛን ነው፤ ቋሚው ከልክ በላይ ይወፍራል፣ ማገናኛው እንዳለ ይቀራል።

በቅርቡ አንድ የመድኃኒት ቤት ባለቤት ንድፉን አይተው፣ «ወንድሜ፣ ፊደሉን ሳብ አድርገውና ቦርዱን ሙላልኝ» አሉኝ። መከራከር አልፈለግኩም። የተሳበውንም ያልተሳበውንም በወረቀት አትሜ ከበራቸው በላይ ለጠፍኩና አብረን መንገዱን ተሻገርን። «መድኃኒት ቤት» የሚለው ለዚህ ፈተና ጥሩ ነው፤ የ«ኒ» ቅጥያም የ«ቤ» ቀለበትም አለበት። እርሳቸው ራሳቸው ያልተሳበውን መረጡ። እንግሊዝኛውን አሳንሼ የመስቀሉን ምልክት ወደ ጎን ሳወጣው ቦርዱ ሞላ።

ሌላም የምጠይቀው አለኝ። «።»ን በሁለት ኮሎን መተካት ይቅር። በሕንፃ ግንባር ላይ፣ ሚሊዮኖች በወጡበት ሥራ ላይ፣ «::» ሳይ እውነት ለመናገር እናደዳለሁ፤ አራት ነጥብ በስልካችን ላይ እንኳ አለ።

አሁን በማታው ክፍለ ጊዜ ለሰሌዳ የሚሆን ጠባብ የአማርኛ ፊደል እየሣልኩ ነው፣ እርዳታችሁንም እፈልጋለሁ። በደሴ፣ በጎንደር፣ በጅማ፣ በድሬዳዋ፣ በየትም ከተማ በእጅ የተሣለ አሮጌ ሰሌዳ ካያችሁ ፊት ለፊት ቆማችሁ ፎቶ አንሱልኝ፤ ባለቤቱን ጠይቃችሁ ዓመተ ምሕረቱን፣ ከተቻለም የሠዓሊውን ስም ጻፉልኝ። ከሁሉ በላይ የምፈልገው ኃምሶቹን ነው፤ በተለይ «ጬ»ን፣ «ኜ»ን እና «ዴ»ን፣ ሰፊ ብሩሽ የያዙ ሰዎች ቀለበቱን በጠባብ ቦታ ሳይደፍኑ እንዴት እንዳዞሩት ማየት እፈልጋለሁ።