ወርዱ ስንት ነው?

ተራራ ላይ ለማደሪያ ራሴ የምሰፋውን የላባ ብርድ ልብስ ጨርቅ ዛሬ አዘዝኩ። ቀለሙ ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ እሱ አላስጨነቀኝም። ያስጨነቀኝ ወርዱ ነው። ሰሞኑን ከሥራ ስመለስ ወረቀትና ካልኩሌተር ይዤ ቁጭ ነው። ባለቤቴ "አንተ፣ ሱቅ ሞልቶ የለም እንዴ?" ትለኛለች። ሱቅማ ሞልቷል። የምንኖረው ሲያትል ነው። የስፖርት ዕቃ ነጋዴው ኤዲ ባወር በ1940 የላባ ጃኬቱን ፓተንት (የፈጠራ መብት) ያወጣባት ከተማ ናት። ግን በእኔ ልክ የተሠራ አይሸጡም፤ የሚሸጡትም ዋጋው አይቀመስም።

ነገሩን ለማያውቅ ባጭሩ ልበል። ተራራ ላይ ለማደር ብዙ ሰው ስሊፒንግ ባግ (ውስጡ ገብተው የሚተኙበት ከረጢት) ይይዛል። ከጀርባችን ሥር የገባው ላባ ግን ይጨፈለቃል። የሚያሞቀን ደግሞ ላባው የሚይዘው አየር ነው። ስለዚህ የታችኛውን ክፍል ትቶ፣ ፍራሽ ላይ ተኝቶ ከላይ ብቻ መልበስ ይቻላል። ሸክም ይቀንሳል። ችግሩ ጎኑ ክፍት መሆኑ ነው፤ ከጠበበ በተገላበጡ ቁጥር ብርድ ሰተት ብሎ ይገባል።

ታዲያ ሰፋ አድርጎ መስፋት ነዋ! እንዲህ ቀላል ቢሆንማ ጥሩ ነበር። ላባ የማያሳልፈው ስስ ሪፕስቶፕ (ቀዳዳው እንዳይሰፋ ተደርጎ የተሸመነ) ናይለን አብዛኛውን ጊዜ የሚሸጠው ከ147 እስከ 152 ሴንቲ ሜትር ወርድ ነው። ርዝመቱን የፈለጉትን ያህል ያስቆርጡታል። ወርዱ ግን ጣቃው ላይ ያለው ነው። ዳርና ዳሩ ደግሞ ፋብሪካ ውስጥ ስለሚበሳሳ ተቆርጦ ይጣላል። ያገራችን ሸማኔም ወርድ ያጥረዋል፤ መወርወሪያው ከእጅ ወደ እጅ ስለሚሄድ ክንዱ ከሚደርስበት አያልፍም። ጋቢ ሰፊ የሚሆነው ተጋጥሞ እየተሰፋ ነው። ጋቢ ላይ መጋጠሚያው ምንም አይደል። እዚህ ግን መርፌ የበሳው ቀዳዳ ሁሉ የላባ መውጫ፣ የውሃ መግቢያ ነው። ላባ ከረጠበ ደግሞ አለቀለት፤ ሲያትል ደግሞ ዝናቡ የታወቀ ነው።

ወደ ሒሳቡ ልምጣ። ይሄኛው ክፍል ደስ ይለኛል።

ብርድ ልብሱ ሁለት ጨርቅ ነው፤ ላይኛውና ገበሩ። መሃላቸው አጎበር በመሰለ ስስ መረብ ይከፋፈልና ላባው እዚያ ይሞላል። የእኔ መረብ ቁመቱ 5 ሴንቲ ሜትር ነው። አሁን ሰው ላይ ሲጣል አስቡት። ገበሩ ሰውነትን ተከትሎ ይጎብጣል። ላይኛው ደግሞ 5 ሴንቲ ሜትር ርቆ ይጎብጣል፤ ስለዚህ የሚዞረው መንገድ ይረዝማል። ጉብጠቱን ግማሽ ክብ ነው ብንል፣ ልዩነቱ 5 ሲባዛ በ3.14፣ ማለትም ወደ 16 ሴንቲ ሜትር ነው። የሚገርመው፣ ሰውየው ቀጭንም ይሁን ቦርጫም ልዩነቱ ያው ነው። የሚወስነው ውፍረቱ ብቻ ነው። ሁለቱን እኩል ከቆረጡ ላይኛው ይወጠርና ላባውን ይጫነዋል። የተጫነ ላባ ደግሞ አያሞቅም።

መጀመሪያ የተመኘሁት የገበር ወርድ 137 ነበር። 16 ሲጨመር 153። ለስፌት የሚተወው 3 ሲጨመር 156። የትኛውም ጣቃ አይበቃውም። ወደ 127 አወረድኩት። 127፣ 16 እና 3 ሲደመሩ 146። ያዘዝኩት ጨርቅ ዳሩ ተጥሎ የሚቀረው 147 ነው። አንዲት ሴንቲ ሜትር ተረፈችኝ!

አሥር ሴንቲ ሜትሯን የቀነስኩት ለክብደት ብዬ አይደለም። በ190 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ላባውም ጨርቁም ቢደመር ወደ 40 ግራም ብትመጣ ነው። ለ40 ግራም ብርድ አልጠጣም። መጋጠሚያ ስፌቱን ጠልቼ ነው። በጀርባዬ ስለምተኛ 127 ይበቃኛል፤ ጎኑንም በላስቲክ ከፍራሹ ጋር አስረዋለሁ። በጎኑ የሚተኛና ሌሊቱን ሲገላበጥ የሚያድር ሰው ግን እንዳይከተለኝ። እሱ የላባውን ክፍሎች ከራስ ወደ እግር ቢያደርጋቸው ይሻለዋል። ያኔ ጨርቁን ልክ መረቡ በሚሰፋበት መስመር ላይ መቀጠል ይቻላል፤ የቀዳዳውም ቁጥር እምብዛም አይጨምርም። እኔ ወደ እግር በኩል እስከ 100 ሴንቲ ሜትር ስለማጠበው፣ እነዚያን ረጃጅም ክፍሎች በሚያዳልጥ ናይለን ላይ አስተካክሎ መቁረጥ አልደፈርኩም።

እዚህ ሰፈር ልብስ የሚያስተካክሉ አንድ ጋሼ አሉ። ሥዕሉን ሳሳያቸው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው "ወርዱ ስንት ነው?" አሉኝ፤ ሌላ ምንም ሳይጠይቁ። ነገርኳቸው። "ገበሩ ከነስፌት ትርፉ 130 ከሆነ ከጎኑ 17 ይተርፍሃል። እንዳትጥላት፣ ልጄ። የአንገቱ ገመድ ማስገቢያም፣ ማስቀመጫ ከረጢትም ይወጣታል።" እውነታቸውን ነው። ለከረጢቱ ሌላ ጨርቅ ላዝዝ ነበር። ስፒልም ከስፌቱ ትርፍ ውጭ እንዳልሰካ አስጠንቅቀውኛል። መርፌው 70 ቁጥር፣ ጫፉ ሹል ይሆናል።

የቀረኝ ላባውን የት ሆኜ እንደምሞላው ነው። ነፋስ የማይገባበት ጠባብ ክፍል ያስፈልጋል፤ መታጠቢያ ቤት ይመረጣል። ባለቤቴ እስካሁን አልፈቀደችም።