የኔታ ለማኅሌተ ጽጌ ቆሙ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ሥላሴ ያደረጉልንን ሳልናገር ብቀር ዕዳ ይሆንብኛል። የኔታ ጎንደር ውስጥ የአቋቋም፣ ማለትም በመቋሚያና በከበሮ ምት እየተረገጠ የሚዘመረው የማኅሌት ሥርዓት፣ መምህር ናቸው፤ ስማቸው እንዳይነሣ አዘዋል። ፓርኪንሰን የሚባለው የነርቭ ሕመም ጸንቶባቸው ለማኅሌት መቆም ሲሳናቸው፣ ቤተሰቡና ተማሪዎቻቸው በደብረ ብርሃን ሥላሴ ተሳልን። የለመንነው አንድ ነገር ነው፦ ማኅሌተ ጽጌን፣ የጽጌን ወራት የሌሊት ምስጋና፣ ቆመው እንዲያገለግሉ። ቆሙ። በሽታው አልለቀቃቸውም፤ ቀኝ እጃቸው ዛሬም ይንቀጠቀጣል። እኛ ግን መቆሙን ነበር የለመንነው፣ እሱኑ ሰጠን። መልሱ የመጣው በሐኪም፣ በክኒን ሰዓትና በብዙ ጥቃቅን ጥንቃቄ ስለሆነ፣ እሱን ሳልዘረዝር ብመሰክር ጎዶሎ ይሆናል።

ሕመሙ በመንቀጥቀጥ አልጀመረም። አስቀድሞ የዕጣን ሽታ ጠፋባቸው፤ ሆዳቸው ይደርቅ ነበር። ሌሊት በሕልማቸው እየጮኹ ይራገጡ ስለነበር “ዛር ነው”፣ “መተት ነው” ያለ ብዙ ነው። ከዚያ ጽሕፈታቸው ተለወጠ፦ መስመሩ ሲጀምር ደኅና የነበረው ፊደል ወደ መጨረሻው እያነሰ ሄዶ ጤፍ ያክላል። ፊታቸውም ስለማይፈታ ተማሪዎቹ “የኔታ ተቆጡ” ይሉ ነበር፤ እሳቸው ግን አልተቆጡም። እንቅስቃሴን የሚያሳልጠውን ዶፓሚን የተባለ ንጥረ ነገር የሚያመነጩት የአንጎል ሕዋሳት ቀስ በቀስ ሲሞቱ እንቅስቃሴ ይዘገያል፣ ጡንቻ ይገተራል። መንቀጥቀጡ የሚብሰው እጅ ሥራ ፈቶ ሲያርፍ ነው።

በሽታውን ለይቶ የሚናገር የደም ምርመራ የለም። ሐኪሙ አውራ ጣትንና ሌባ ጣትን ያጋጫል፣ ጡጫ ያስጨብጣል፣ ያስኬዳል፣ ከኋላ ሆኖ ሳብ አድርጎ ሚዛን ያያል። የአንጎል ምስል (ስካን) ቢታዘዝ ሌላ በሽታ አለመኖሩን ለማወቅ ነው።

ዋናው መድኃኒት ሌቮዶፓ (አንጎል ውስጥ ወደ ዶፓሚን የሚለወጠው) እና ካርቢዶፓ የተቀላቀሉበት ክኒን ነው። እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ። ማሸጊያው ላይ ሁለት ቁጥር አለ፤ 25/100 ወይም 25/250። የመጀመሪያው ካርቢዶፓ፣ ሁለተኛው ሌቮዶፓ ነው፣ በሚሊግራም። ካርቢዶፓ ሌቮዶፓው አንጎል ሳይደርስ በደም ውስጥ እንዳይባክንና እንዳያቅለሸልሽ ይጠብቀዋል፤ ይህን በደንብ ለመሥራት በቀን ከ70 እስከ 100 ሚሊግራም ይፈልጋል። ባለ 25/250ውን ለሁለት ሰብሮ በቀን ሦስት ጊዜ የሚወስድ ሰው ታዲያ የሚያገኘው ካርቢዶፓ 37 ተኩል ብቻ ነው። ብዙ ሰው “መድኃኒቱ አልተስማማኝም፣ ያስመልሰኛል” ብሎ የሚተወው በዚህ ሊሆን ይችላል። ባለ 25/100ው ሦስት ጊዜ ሲወሰድ 75 ይሞላል። መጠኑን የሚወስነው ሐኪም ነው፤ እናንተ ቁጥሩን አንብባችሁ ጠይቁት።

ለማቅለሽለሹ ደግሞ ፕላሲል (ሜቶክሎፕራማይድ) እንዳትቀበሉ። ዶፓሚንን ስለሚዘጋ በሽተኛውን ይበልጥ ይገትረዋል። ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ሃሎፔሪዶልም እንደዚያው ነው። የትኛውም ክሊኒክ ስትገቡ “ፓርኪንሰን አለባቸው” ማለትን አስቀድሙ። አርቴን የሚባለው መድኃኒት ርካሽ ነው፣ በቀላሉም ይገኛል፤ መንቀጥቀጥም ይቀንሳል። አረጋውያንን ግን ያስረሳል፣ ያቃዣል፣ ሽንት ይይዛል። የኔታ ለረጅም ዘመን በቃላቸው የያዙትን ዜማ የሚያስረሳ ነገር ምን ያደርግላቸዋል?

ሌቮዶፓ ላቡንና ሽንቱን ሊያጠቁር ይችላል፤ ደም ነው ብላችሁ አትደንግጡ።

ክኒኑ ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት ወይም ከምግብ 1 ሰዓት በኋላ በውኃ ይወሰዳል፤ ገና ሲጀመር ካቅለሸለሸ ትንሽ ቂጣ መቅመስ ይቻላል። ፕሮቲን ከሌቮዶፓው ጋር በአንጀትም በአንጎልም በር ላይ ይጋፋል። እኛ ዘንድ “ጾም ነው፣ ሥጋ የለም” ተብሎ ይታለፋል፤ ሽሮውስ? ምስሩስ? ባቄላውስ? ሁሉም ፕሮቲን ነው። የኔታ የሽሮውን ምሳ ትተው አያውቁም፤ ክኒኑን ግን አስቀድመው ውጠው፣ እጃቸው ሲፈታ ነው እንጀራው የሚቀርበው። የብረት ክኒን የታዘዘለት ሰውም ቢያንስ ሁለት ሰዓት ያራርቀው። ለድርቀቱ ተልባና ብዙ ውኃ ጠቅሟቸዋል፤ ሆድ ሲደርቅ መድኃኒቱም ወደ ደም ለመግባት ይዘገያል።

ጾሙን በተመለከተ የንስሐ አባታቸው “መድኃኒት በውኃ መዋጥ ለታመመ ሰው ጾም መሻር አይደለም” ብለው ፈቀዱላቸው። ለቅዱስ ቁርባን ቀን ግን ሰዓቱ ከንስሐ አባትም ከሐኪምም ጋር ቀደም ብሎ ይመከርበታል።

ጸበል ስትገቡ መድኃኒት ጣሉ የሚል ሰው አይጠፋም። ሌቮዶፓ በድንገት ሲቋረጥ ከባድ ትኩሳት፣ ሰውነት መድረቅና ራስን መሳት ሊያመጣ ይችላል፤ ሊገድልም ይችላል። የኔታ የጠዋቷን ፍሬ የሚውጧት በጸበሉ ነው፤ ጠቡ በዚህ አለቀ። ሲጠመቁ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነው፤ ቆመው አይደለም። በሽታውም መድኃኒቱም ደም ግፊትን ሲነሡ ያወርዳሉ። ግፊታቸውን ተኝተው ለኩላቸው፣ ከዚያ ቆመው በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ፤ የላይኛው ቁጥር በ20 ከወረደ ለሐኪም ንገሩ። ከስግደትም ሲነሡ በአንድ ጉልበት አርፈው፣ መቋሚያ ይዘው፣ ትንሽ ቆይተው ነው።

የሚያስደንቀኝን ልንገራችሁ። የኔታ የቤተ ክርስቲያኑ ደፍ ላይ ሲደርሱ እግራቸው መሬት ይይዛል፤ በርና ጠባብ ቦታ ይህን ሕመም ያብሰዋል። እጃቸውን መጎተት ይጥላል። አንድ ተማሪ መቋሚያውን እግራቸው ፊት አግድሞ ያስተኛል፤ “የኔታ፣ ይሻገሩት” ይላቸዋል፤ ያን ጊዜ እግራቸው ተነሥቶ ይሻገረዋል። መስመር፣ ቁጥር፣ ምት የተያዘውን እግር ይፈታል፤ በዓለም ያሉ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችም በመሬት ላይ መስመርና በመምቻ ድምፅ ይሠሩበታል። እንግዲህ አቋቋም ከዚህ በላይ ምንድን ነው? በዝማሜው መቋሚያው ሲወዛወዝ፣ በመረግዱ ከበሮው ሲመታ፣ መንገድ ላይ እየተንሸራተተ የሚጓዘው እግር ምቱን ጠብቆ ይረግጣል። ጽፋት የሚባለው ፈጣኑ ምት ሲመጣ ግን ተማሪ ከጎናቸው ይቆማል። ሲዞሩም ባሉበት አይሾሩም፣ ሰፋ አድርገው ይከባሉ።

ድምፃቸው ስለሰለለ በየማለዳው ዳዊት የሚደግሙት ጮክ ብለው ነው፤ ለራሳቸው ጩኸት የመሰላቸው ለእኛ ልክ ነው። ትልቅ ጉርሻ አታጉርሱ፤ ቀና ብለው ተቀምጠው፣ አገጫቸውን ዝቅ አድርገው፣ በትንሽ በትንሹ ይዋጡ። ሲተኙ ከባድ ጋቢ መገላበጥ ይከለክላል፤ ቀለል ያለ ይሻላል።

ጽጌ ሲገባ ሐኪሙ ሰዓቱን አሸጋሸገላቸው። በዘወትር ከጠዋቱ 12፣ ከቀኑ 5 እና 10 ሰዓት ይወስዳሉ፤ የማኅሌቱ ሌሊት ሲሆን ማኅሌቱ ከመቆሙ አንድ ሰዓት ቀድሞ አንድ ፍሬ ተጨመረ። በዓመታት ውስጥ የአንዷ ፍሬ ጉልበት ስለሚያጥርና ሲበዛ ያለፈቃድ መወራጨት ስለሚመጣ፣ ሰዓቱን የሚጽፍ አንድ ተማሪ ተመድቦላቸዋል። ከመስከረም 26 ጀምሮ በየሳምንቱ ቆሙ፤ ኅዳር 6 ቁስቋምም አብረው አገለገሉ።

ስለቱ ጃንጥላ ነበር፤ ጥር 7 በሥላሴ ንግሥ አስገብተነዋል። አሁን የያዝነው ልመና መድኃኒቱ እንዳይጠፋ ነው። ፒያሳ ካሉት ፋርማሲዎች አንዳንዴ ጨርሶ ስለሚጠፋ የአንድ ወር ቀድመን እንይዛለን፤ ሌላ ስም ያለው ክኒን ሲሰጠን ሁለቱን ቁጥሮች አስተያይተን ነው የምንከፍለው።

ስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር።